የጠብታዋ ጥልቀት

የወንድ ዘር በምንመረምርበት ላቦራቶሪ ድንገት የብዙ ሰው ውጤት አሽቆለቆለ። የዘር ሴሎቹ ብዛት ደህና ነው፤ ወደፊት የሚዋኙት ግን ጥቂት ናቸው። ማሞቂያው 37 ዲግሪ ላይ ነው፣ ናሙናውም በሰዓቱ ደርሷል። አዲሷ ባልደረባችን ናት «ጋሼ፣ እስቲ ይዩት፤ ጭንቅላታቸው እንደ ወትሮው አይገለባበጥም» ብላ የጠራችኝ። ልክ ነበረች።

ስላይዱን የምንሸፍንበት ስስ መስታወት ተቀይሯል። የለመድነው 22 በ22 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከግዢ ክፍል የመጣው ግን 24 በ40 ነው። የምንጠቀመው ጠብታ ያው 10 ማይክሮ ሊትር ስለሆነ፣ 20 ማይክሮ ሜትር ያህል ጥልቀት የነበረው ፈሳሽ ተንጣልሎ ወደ 10 ወርዷል።

ለዘር ሴል ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ስንዋኝ ውኃውን ገፍተን ጥቂት እንንሸራተታለን፤ እሱ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ የፈሳሹ ዝልግልግነት ያሸንፈዋል፣ ጅራቱን ባቆመበት ቅጽበት ባለበት ይቀራል። ፊዚሲስቱ ኤድዋርድ ፐርሰል እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳስረዳው፣ እንዲህ ባለው ዓለም አንድን እንቅስቃሴ ወደፊትና ወደኋላ መደጋገም የትም አያደርስም፤ የተኬደው ሁሉ ተመልሶ ይጠፋል። ስለዚህ የዘር ሴል ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ጫፍ የሚጓዝ ሞገድ ይፈጥራል። ቀጭን ጅራት ወደ ጎን ሲገፋ የሚገጥመው ተቃውሞ፣ በቁመቱ ሲንሸራተት ከሚገጥመው ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ወደፊት የሚነዳው ከዚህ ልዩነት የሚያገኘው ኃይል ነው። በዚህ ሙያ ለእኔ ከዚህ የሚያምር ነገር የለም።

ሞገዱ ግን ቦታ ይፈልጋል። መስታወቱን የሚነካው ፈሳሽ ተጣብቆ ስለሚቀር፣ ሴሉ ወደ መስታወቱ በቀረበ ቁጥር ተቃውሞው ይበረታል። ከላይም ከታችም ሲጠብበት እንደ ልቡ መሽከርከር አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ጥልቀቱ ከ20 ማይክሮ ሜትር እንዳያንስ የሚያሳስበው ለዚህ ነው።

ልጅቷ ከሌላ ክፍል ትንሹን መስታወት ተውሳ ከዚያው ናሙና ሌላ ጠብታ አየች። ይዋኛሉ!

ያለፉትን ግን ደግመን ማየት አንችልም፤ እንዲህ ያለ ናሙና በአንድ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ለሁሉም ደውለን አዲስ ናሙና እንዲሰጡ ጠየቅን። አስቀድመን የደወልነው ውጤቱን ተቀብለው ሐኪም ለማየት ቀጠሮ ለያዙት ነበር።