ስልኩ እየፈጠነ ላፕቶፑ ሲዘገይ

የስክሪኑ ማጠፊያ ተሰብሮ ጥገና ቤት የገባው ላፕቶፔ ከተመለሰ ወዲህ ዋይፋዩ እጅግ ዘገምተኛ ሆኖብኝ ነበር። ኢሜይል ለመክፈት እንኳ ረጅም ጊዜ እየጠበቅሁ፣ እንደ ልማዳችን መስመሩን ስወቅስ ሰነበትኩ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ በስልኳ ቪዲዮ ያለ አንዳች መቆራረጥ ስትመለከት ማየቴ ነው።

ስልኩንና ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርጌ በየተራ ፍጥነታቸውን ስለካ፣ ስልኩ 18 ሜጋ ቢት በሰከንድ ሲያወርድ ላፕቶፑ ከ2 አላለፈም። ሁለቱም በአንድ ቦታና በአንድ የዋይፋይ ስም መለካታቸው ግድ ነው፤ አለበለዚያ ልዩነቱ የመሣሪያው ይሁን የግድግዳው መለየት አይቻልም።

በመጀመሪያ ቀላል ቀላሉን አየሁ። ከጀርባ ሆኖ ፋይል የሚጭን ወይም የዊንዶውስ ማሻሻያ የሚያወርድ ነገር አልነበረም፤ ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞረውን ቪፒኤንም ዘጋሁ፤ የዋይፋይ ካርዱን ኃይል ቆጣቢ አሠራር አጠፋሁ፤ ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩንም አደስኩ። ሁልጊዜ የምሰካውን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክም ነቀልኩት፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የቴክኒክ ጽሑፍ እንዳብራራው፣ ዩኤስቢ 3.0 የሚፈጥረው የሬዲዮ ጫጫታ ዋይፋይ የሚጠቀምበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ሊረብሽ ይችላልና። አንዱም ለውጥ አላመጣም።

መንገዱን ያሳየኝ፣ ብዙዎቻችን ልብ የማንለው አንድ ቁጥር ነው። በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ ከሚለው ገብታችሁ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ዝርዝር ብትከፍቱ የሊንክ ፍጥነት ታገኛላችሁ። ይህ ከኢንተርኔት አቅራቢው የሚመጣው ፍጥነት ሳይሆን ላፕቶፑና ራውተሩ እርስ በርስ የተስማሙበት ነው፤ ሞገዱ ሲዳከም ሁለቱ ሳይሳሳቱ መነጋገር እንዲችሉ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጉታል። የእኔ መኝታ ቤት ውስጥ 6.5 ሜጋ ቢት ይል ነበር። ላፕቶፑን ሳሎን ወስጄ ራውተሩ ሥር ሳስቀምጠው ግን ወደ 72 ወጣ። ቅርብ ሲሆን የሚሠራ፣ አንድ ግድግዳ ሲያልፍ የሚሞት ዋይፋይ ከሶፍትዌር ይልቅ አንቴና ያስጠረጥራል፤ 72ም በዚያ ራውተር አንድ አንቴና ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ የሚደርስበት ጣሪያ መሆኑ ጥርጣሬዬን አጠናከረው።

በአብዛኞቹ ላፕቶፖች አንቴናው የሚገኘው በስክሪኑ ዙሪያ ነው፤ ከዚያም ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በማጠፊያው በኩል አልፈው ዋይፋይ ካርዱ ላይ ይሰካሉ። ማጠፊያ ሲጠገን መነካታቸው አይቀርም። ላፕቶፑን አጥፍቼ፣ ቻርጀሩን ነቅዬ የታችኛውን ክዳን ስፈታ፣ ነጩ ሽቦ በቦታው ሲሆን ጥቁሩ ተነቅሎ ከካርዱ ጎን ተኝቶ አገኘሁት። ጫፉ ከምስር ፍሬ ያነሰች ክብ ናስ ናት፤ ልክ መቀመጫዋ ላይ አስተካክዬ በጣቴ ቀጥ አድርጌ ስጫናት ቀጭ አለች። ጠምዘዝ አድርጎ መጫን መሰኪያውን ስለሚያበላሸው እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ባትሪውን ከቦርዱ ሳትነቅሉ ውስጡን መንካት ግን አደገኛ ስለሆነ፣ ልምዱ የሌላችሁ ወደ ጠገነው ባለሙያ መልሳችሁ ሁለቱ የአንቴና ሽቦዎች መሰካታቸውን እንዲያይላችሁ ብትጠይቁ ይሻላል።

ክዳኑን መልሼ መኝታ ቤት ስከፍተው የሊንክ ፍጥነቱ 104 ይል ነበር፤ የማውረድ ፍጥነቱም ከልጄ ስልክ ጋር እኩል ሆነ።