አርባው ሳይወጣ

ቤት ገዝቶ አድሶ መሸጥ ሲባል ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት መዶሻና ቀለም ነው። እሱን የእህቴ ባል ይሠራዋል። እኔ የምሠራው ማንም ፎቶ የማያነሣውን ነው፤ ሊሸጥ የሚችል ሰው መፈለግ፣ መመዝገብ፣ መደወል፣ ደግሞ መደወል። በሥራችን ቋንቋ ሊድ እንለዋለን። ሊድ ከሌለ መዶሻውም ሥራ ፈት ነው።

የምንሠራው ሜሪላንድ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ አልፎ አልፎ ባልቲሞር። እዚህ መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው። የአንድ ቤት አድራሻ በስቴቱ የንብረት ግብር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ሲገባ የባለቤቱ ስም፣ ቤቱ መቼና በስንት እንደተገዛ፣ የግብር ደብዳቤው የት እንደሚላክ ይወጣል። ደብዳቤው ሌላ ከተማ የሚሄድ ከሆነ ባለቤቱ እዚያ አይኖርም ማለት ነው። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት የተገዛ፣ ባለቤቱ ፍሎሪዳ ያለ፣ በረንዳውን ሣር የዋጠው ቤት ሳገኝ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ አፈጥበታለሁ።

ሌሎች ዝርዝሮችም አሉ። ግብር ያልተከፈለባቸው ቤቶች ከዓመታዊው ጨረታ በፊት በጋዜጣ ይወጣሉ። ወደ ሥራው አዲስ የገባ ሁሉ እዚህ ላይ ይቸኩላል። ጨረታው ላይ የሚሸጠው ግን ዕዳው እንጂ ቤቱ አይደለም፤ ባለቤቱ ከነወለዱ ከፍሎ ቤቱን ማስቀረት ይችላል። ፎርክሎዠር ላይ ያሉትን፣ ማለትም የቤት ብድሩ ስላልተከፈለ አበዳሪው ሊያሸጣቸው የተነሣባቸውን ቤቶችም እናያለን፣ ግን በጥንቃቄ። ፕሪንስ ጆርጅስ በ2008ቱ የቤት ብድር ቀውስ ከሜሪላንድ ሁሉ የባሰ የተመታ ነው። ያኔ “ቤትህን ላድንልህ” ብሎ ቤት የቀማ ብዙ ነበር። ስቴቱ እንዲህ ያለውን ሰው ለመከላከል ከቀውሱም ቀድሞ በ2005 ያወጣው ሕግ ቀላል አይደለም፤ ጠበቃ ሳናማክር ወደዚያ አንጠጋም።

ባልቲሞር ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። አንዳንዱ ቤት ላይ ግድግዳውና ጣራው ያንተ ሆኖ መሬቱ የሌላ ሰው ነው፤ በየዓመቱ ትንሽ የመሬት ኪራይ ትከፍላለህ። ከቅኝ ግዛት ዘመን የመጣ ነገር ነው፤ የውሉ ዕድሜ 99 ዓመት ሆኖ ይታደሳል። የአዲስ አበባን ሊዝ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አይከብድም። አሜሪካኖቹ ናቸው ግር የሚላቸው።

አሁን ከእህቴ ባል ጋር ወደሚያጨቃጭቀን ልምጣ። ፕሮቤት፣ የሟች ውርስ ጉዳይ።

ሰው ሲሞትና ቤተሰቡ የውርስ ፋይል ሲከፍት በየካውንቲው ባለው የኑዛዜ መዝገብ ቤት ይመዘገባል። ይህም ክፍት ነው። ዝርዝሩን እየለቀሙ በየሳምንቱ የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ። ስለዚህ እናቱን የቀበረ ልጅ ገና አበባው ሳይደርቅ የፖስታ ሳጥኑ ይሞላል። “ቤትዎን በጥሬ ገንዘብ፣ ባለበት ሁኔታ እንገዛለን!” በቢጫ ወረቀት፣ በእጅ የተጻፈ በሚመስል ፊደል። በማሽን የታተመ ነው።

እኛ ያደግንበት ሰፈር ድንኳኑ ሳይፈርስ የቤቱን ካርታ የጠየቀ ሰው ምን ይባል እንደነበር ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከእህቴ ባል ጋር ሥራ ስንጀምር አንድ ነገር አስቀመጥኩ። አርባው ሳይወጣ ለማንም የሟች ቤተሰብ “ቤትዎን እንገዛለን” የሚል ካርድ በፖስታ አይላክም። ሟቹ ማንም ይሁን፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን።

“ሌላው ቀድሞ ይወስደዋል” ይላል እሱ። “አንቺ ተስካር ስትቆጥሪ ሰው ይፈራረማል።”

አይፈራረምም። የሟች ቤት እንዲህ በቀላሉ አይሸጥም። መጀመሪያ የውርሱ ወኪል ተሹሞ ወረቀቱን መያዝ አለበት፤ ያለ እሱ ማንም ፊርማ ዋጋ የለውም። ከዚያ ወንድምና እህት መስማማት አለባቸው፣ መስማማት ደግሞ ቀላል አይደለም። ምድር ቤቱ ውስጥ የተከመረው የሕይወት ዘመን ዕቃ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚደውል ሰው ካለም አብዛኛውን ጊዜ ለመሸጥ ሳይሆን ለመሳደብ ነው፣ እውነቱንም ነው። ለእኛ የሚደውሉት ከወራት በኋላ ነው፤ ዕቃ ማውጣቱ ሲሰለቻቸው፣ ባዶ ቤት ላይ ኢንሹራንስና ግብር መክፈል ሲያንገሸግሻቸው። ያኔ የሚታወሰው መጨረሻ ላይ የደረሰው ካርድ ነው። የእኔ ይሉኝታ ለንግዱም አልከፋም፣ ግን ቢከፋም አልተውም ነበር።

ካርድ መላክ ቀላሉ ነው። ከመቶ ካርድ አንድ ሰው ከደወለ ደስ ይለናል። ከባዱ የደወለውን ሰው መያዝ ነው። ብዙዎች በወር ብዙ ብር የሚከፈልበት ሶፍትዌር ገዝተው ስም ያጠራቅሙበታል። እኔ ተራ የኤክሴል ሠንጠረዥ አለችኝ። ሦስት ቀለም አላት፦ “ዛሬ”፣ “በኋላ” እና “ተዉኝ”። ከሁሉም የምወደው ዓምድ ግን “ምን አለ” የሚለው ነው። እዚያ ሰውየው ያለውን እንዳለ እጽፋለሁ። “ልጄ በግንቦት ትመረቃለች፣ ከዚያ በፊት ስለ ቤት አታውሩኝ” ያሉኝ አባት ነበሩ። በሰኔ ደውዬ መጀመሪያ የጠየቅኩት ምርቃቱ እንዴት እንደነበር ነው። ወሬው ረዘመ፤ ቤቱ መጨረሻ ላይ መጣ።

“ተዉኝ” ውስጥ የገባ ሰው አይነካም። ይህ የሕግም ጉዳይ ነው። ከ2003 ጀምሮ “አትደውሉልኝ” የሚል የፌዴራል መዝገብ አለ። ያለ ፈቃድ በማሽን የሚላክ መልእክት ደግሞ በ1991 በወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ ከ500 እስከ 1,500 ዶላር ሊያስከስስ ይችላል። ሜሪላንድ ከ2024 መግቢያ ጀምሮ የራሷን አጥብቃለች፤ ለሽያጭ ጥሪ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መደወል የለም፣ በአንድ ቀን ውስጥም ከሦስት ጊዜ በላይ ያው ሰው ላይ መደወል የለም። የእህቴ ባል በአንዴ ለሺህ ሰው ቴክስት የሚልክ ነገር ዩቲዩብ ላይ አይቶ መጣ። 500ን በ1,000 አባዝቼ አሳየሁት። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ካርዳችን ደርሷቸው ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወሉ። በእንግሊዝኛ ጀመሩ፤ “ሄሎ” ስል ግን ድምፄን ለዩት።

“ሐበሻ ነሽ?”

“አዎ እማማ።”

“ታዲያ ቤቴን እንደምሸጥ ማን ነገረሽ?”

“ማንም አልነገረኝም። መዝገብ ላይ አይቼ ነው።”

“የባሌን ስም ነው የጻፍሽው። እሱ ካረፈ ዓመት አልፎታል።” ትንሽ ዝም አሉ። “ግን ጣራው ያፈሳል።”

ሄድን። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ሳሎኑ ዕጣን ዕጣን ይላል። ጣራው እውነትም አርጅቷል፣ መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ ውኃው ቡናማ ካርታ ሠርቷል። ሒሳቡን ጠረጴዛቸው ላይ ጻፍኩላቸው፣ ለማንም እንደማደርገው። ታድሶ 400,000 ዶላር ያወጣል ብንል፣ እኛ የምንነሣው ከሰባ በመቶው ነው፣ 280,000። ከዚያ የእድሳቱ 60,000 ይቀነሳል። ልንከፍል የምንችለው 220,000 ነው።

“ሁለት መቶ ሃያ?” አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን እንደገና አዩት። “ሌላው የማን ነው?”

ጥያቄው ትክክል ነው። ሌላው የእድሳቱ ወጪ፣ የወለዱ፣ የመሸጫው፣ የሥጋቱ እና የእኛ ትርፍ ነው፤ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ቤቱ የፈረሰ ቢሆን፣ ሰውየው የሚያሠራበት ገንዘብም ጉልበትም ባይኖረው፣ ይህ ዋጋ ፍትሐዊ ነው ብዬ እከራከራለሁ። የእሳቸው ቤት ግን እንደዚያ አይደለም። ጣራውን ብቻ አሠርተው በኤጀንት ቢያወጡት በብዙ እንደሚበልጥላቸው ነገርኳቸው። የእህቴ ባል በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረገው።

መኪና ውስጥ “ይቺን ሰርዢያት፣ ሊድ አይደለችም” አለኝ። አልሰረዝኳቸውም። ልጃቸው ከሲያትል እስኪመጣ ምንም አልወስንም ብለዋል፤ “ምን አለ” ላይ እንደዚያው ጻፍኩት። ጣራ ሠሪዎች ዋጋ በነገሯቸው ቁጥር ለእኔ ይደውላሉ። ትናንት አንዱ “ፕላይውዱም ይቀየራል” ብሏቸው ደውለው ነበር። ፎቶውን ይላኩልኝ አልኳቸው፤ ለእህቴ ባል አሳየሁት። እየተነጫነጨ አየው፣ “ሁለት ሉህ ብቻ ነው የሚቀየረው፣ እያታለላት ነው” አለ። ነገ ይሄው ሥራዬ ነው፤ ጠዋት ለእሳቸው እደውልና፣ ከዚያ ወደ ሠንጠረዡ፣ “በኋላ” ውስጥ ቀናቸው የደረሰውን ወደ “ዛሬ” ማሻገር።