የላዳ ካንዴላ በዚል 130 ሞተር ላይ

ነገሩ የደረሰው በአንድ የጭነት መኪና ጋራዥ ነው። ለብዙ ጊዜ ቆማ የነበረች ዚል 130 የተባለች የራሺያ ጭነት መኪና ሞተሯ እየተቆራረጠ ስላስቸገረ ስምንቱም ካንዴላዎች (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት) እንዲቀየሩ ተወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ የነባሮቹ ጫፍ ተበልቶ ክፍተታቸው ሰፍቷል። ስሕተቱ የመጣው ከግዢው ነው። የዚሏ ኤ11 ካንዴላ ከመለዋወጫ ሱቅ ስለጠፋ ሻጩ «ሁለቱም የራሺያ ነው፣ ፊሌቶው (የሚጠመዘዝበት ጥርስ) አንድ ነው» ብሎ የላዳውን ኤ17ዲቪ ሰጠ። ፊሌቶውስ በእርግጥም አንድ ነው፤ የሁለቱም ውፍረት 14 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። በእጅ ሲዞሩ ሰተት ብለው ገቡ። መካኒኩ ጠንቃቃ ስለነበር ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት በማንቬላ (በእጅ ማዞሪያ ብረት) አዞረው፤ ከፒስተንም ከቫልቭም የተነካ ነገር የለም። ሞተሩ ተነሳ፣ በሚኒሞም (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ) ሳይንገጫገጭ ሠራ። መኪናዋ ወጣች።

ጭነት ይዛ ዳገት ስትጀምር ግን ሞተሩ ያንኳኳ ጀመር። ሾፌሩ ቆሞ ቁልፉን ሲዘጋ ሞተሩ እየተንፈራገጠ መዞሩን ቀጠለ። መኪናዋ ተመልሳ መጣች፤ አንድ ካንዴላ ተፈቶ ሲታይ ሴራሚኩ በደረቅ ጥላሸት ጠቁሯል። መካኒኩ ቤንዚን በዝቷል ብሎ የካርቡራቶሩን ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በጠባብ ለወጠ። ማንኳኳቱ ባሰ። ሁለተኛው ካንዴላ ሊፈታ ሲል እስከ ግማሽ ቀሎ መጣና ከዚያ ያዘ። በረጅም ቁልፍ ሲታገሉት የቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) የአሉሚኒየም ጥርስ ይዞ ወጣ።

ምክንያቱ ሁሉ ካንዴላው ላይ ተጽፎ ነበር። በራሺያ አሰያየም መጀመሪያ ላይ ያለችው ፊደል የፊሌቶውን ዓይነት ትናገራለች። ቁጥሩ የሙቀት ደረጃው ነው። ቀጥላ የምትመጣው «ዲ» የፊሌቶው ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር መሆኑን ትገልጻለች፤ ይህች ፊደል ከሌለች ርዝመቱ 12 ነው። የመጨረሻዋ «ቪ» ሴራሚኩ ከብረቱ ወጣ ማለቱን ታመለክታለች። ስለዚህ ኤ17ዲቪ በዚሏ ቴስታታ ውስጥ ሲገባ 7 ሚሊ ሜትር የሚሆን ፊሌቶ እሳቱ ከሚነድበት ክፍል ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ካንዴላ የሚቀዘቅዘው ሙቀቱን በፊሌቶውና በመቀመጫው በኩል ውሃ ወደሚዞርበት ቴስታታ ስለሚያስተላልፍ ነው። የተንጠለጠለው ክፍል ግን ከምንም ጋር ስለማይነካካ ሙቀቱን የሚያስረክብበት የለም። ቀጫጭን የጥርሱ ጠርዞች ፍም ይሆኑና ቤንዚኑን ከብልጭታው በፊት ያቀጣጥሉታል። ዳገት ላይ ማንኳኳቱም፣ ቁልፍ ከተዘጋ በኋላ መዞሩም ከዚሁ ነው። ሲፈታ የያዘውም በተንጠለጠለው ጥርስ ላይ የተጋገረው ካርቦን ነው። በማንቬላ ያደረገው ፍተሻ የሚያሳየው ብረት ከብረት መጋጨት አለመጋጨቱን ብቻ ስለሆነ ይህን ሊነግረው አይችልም ነበር።

ታዲያ ሴራሚኩ ለምን ጠቆረ? በራሺያ ካንዴላ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፤ ማለትም ሙቀቱን ከጫፉ ፈጥኖ ያስወግዳል። ደረጃው 11፣ 14፣ 17 እያለ ስለሚሄድ የላዳው ከዚሏ በሁለት ደረጃ ይቀዘቅዛል። የዚል 130 ሞተር 6 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ መጭመቂያው (ድብልቁን የሚያምቅበት እጥፍ) 6.5 ብቻ የሆነ ዝግተኛ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ነው፤ በቀዝቃዛ ካንዴላ ጫፉ ጥላሸቱን አቃጥሎ ለማጽዳት የሚበቃ ሙቀት አያገኝም። በአንድ ካንዴላ ላይ ጫፉ ቀዝቅዞ ሲጠቁር ፊሌቶው ይግላል። ጥቁሩን ብቻ አይቶ ቤንዚን መቀነስ ደግሞ የጋለውን ክፍል ይበልጥ ያግላል፤ የቀጠነ ድብልቅ ሲነድ ሞቃት ነውና። ካንዴላ ሲነበብ ከሴራሚኩ ቀለም በፊት ፊሌቶው መታየት አለበት የምንለው ለዚህ ነው። የመጨረሻዎቹ ጥርሶች ብቻ ጥላሸት ከለበሱ ካንዴላው ረዝሟል። ካንዴላው ካጠረ ደግሞ ካርቦኑ የሚጋገረው በቴስታታው ባዶ ጥርስ ላይ ነው፤ በኋላ ትክክለኛው ሲመጣ አይገባም።

የቀሩት ስድስቱ በሌላ መንገድ ወጡ። ሞተሩ ፈጽሞ ቀዘቀዘ፤ አሉሚኒየም በሙቀቱ ሳለ ጥርሱ በቀላሉ ይላጫል። እያንዳንዱ ካንዴላ ሩብ ዙር ብቻ ተላቆ ዝገት የሚፈታ ዘይት ተንጠባጥቦበት አደረ። በማግስቱ ትንሽ ማላላት፣ መልሶ ማጥበቅ፣ እንደገና ማላላት ነው፤ ካርቦኑ እየተፈጨ ይወጣል። ጥርሱ የተላጨው ቀዳዳ በሽቦ ጥምጥም ማስገቢያ ዳነ። የማስኪዮው (ጥርስ የሚቆርጠው መሣሪያ) ጎድጓዳ በግራሶ ተሞልቶ በየግማሽ ዙሩ ወደ ኋላ እየተመለሰና እየተጠረገ ነው የተቆረጠው፤ ግራሶው ፍቅፋቂውን ይዞ ያስቀረዋል። የጥምጥሙ ርዝመትም ከቀዳዳው እንዳይበልጥ መለካት አለበት፣ አለበለዚያ ያው በሽታ በሌላ መልክ ይመለሳል።

ምትክ ሲፈለግ ኤ11 ባይገኝ ኤንጂኬ ቢ4ኤች፣ ዴንሶ ደብሊው14ኤፍ፣ ቦሽ ደብሊው9ኤ ወይም ቻምፒዮን ኤል86 ይሆናል። በኤንጂኬ «ቢ» የ14 ሚሊ ሜትር ፊሌቶ ናት፣ 4 የሙቀት ደረጃ፣ «ኤች» ደግሞ 12.7 ሚሊ ሜትር ርዝመት። የ0.7 ልዩነት አይጎዳም። በ«ኤች» ቦታ «ኢ» ካለች 19 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አይነካም። ቁጥሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ በኤንጂኬ፣ በዴንሶና በራሺያ ቁጥር ሲያድግ ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ በቻምፒዮንና በአሁኑ የቦሽ አሰያየም ቁጥር ሲያድግ ይሞቃል። ስለዚህ «አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ስጠኝ» ተብሎ ካንዴላ አይገዛም። ከሁሉ የሚሻለው አሮጌውን ይዞ ሄዶ ከመቀመጫው እስከ መጨረሻው ጥርስ በካሊፐር መለካት ነው። አሮጌው ራሱ ትክክል መሆኑ ካጠራጠረ የቴስታታው ቀዳዳ ጥልቀት ይለካል።

ሲገጠም ክፍተቱ ከ0.85 እስከ 1.0 ሚሊ ሜትር ይስተካከላል፤ የሚታጠፈው የጎኑ ጫፍ ብቻ ነው፣ መካከለኛውን መግፋት ሴራሚኩን ይሰነጥቃል። አሮጌው ከመፈታቱ በፊት ጉድጓዱ በኮምፕረሰር ይነፋል። አዲሱ በጣት ብቻ ሮንዴላው (ከሥሩ ያለው የብረት ቀለበት) እስኪቀመጥ ይዞራል፣ ከዚያ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር። የኃይል መለኪያ ቁልፍ ከሌለ ለአዲስ ካንዴላ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይበቃል። ያገለገለ ከሆነ ሮንዴላው ቀድሞ ስለተጨመቀ አንድ አሥራ ሁለተኛ ዙር ብቻ። ፊሌቶው ላይ ግራሶ አይቀባም፤ ስለሚያንሸራትት ሳይታወቅ ከልኩ በላይ ይጠብቃል። የብልጭታው ቅደም ተከተል 1-5-4-2-6-3-7-8 ነው። 7ኛውና 8ኛው ጎን ለጎን ሆነው ተከታትለው ስለሚቀጣጠሉ ሽቦዎቻቸው ተጣብቀው እንዳይሄዱ ቢለያዩ መልካም ነው።

ጂግለሩ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ፣ በስስ አየር ካርቡራቶር ያለው ሞተር ሁሉ ትንሽ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላውም ከቡናማ ጠቆር ማለቱ አይቀርም። ይህን አይቶ ሞቃት ካንዴላ መግጠም ወደ አዋሽ ወርዳ በሙሉ ጭነት ለምትሠራ መኪና አደጋ ነው፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም ብርቱ ነው። ካንዴላ መነበብ ያለበት መኪናዋ ጭና ዳገት ስትወጣ ሞተሩ እዚያው ጠፍቶ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ከሠራች ጥላሸቱ እውነቱን ይሸፍነዋል። በዚህ መንገድ ሲታዩ ሰባቱ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኑ። የ6ኛው ሲሊንደር ግን በዘይት ረጥቦ ወጣ፤ ይህ የካንዴላ ጉዳይ ስላልሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና የቫልቭ መምሪያው እንዲታዩ የመጭመቂያው ግፊት ሊለካ ተቀጠረ።