በእግር የሚዘወሩ የቻይና ባለ መንኮራኩር ጀልባዎች፦ የሞዴል ሥራዬ የደረሰበት ደረጃ

በትርፍ ጊዜዬ የጥንት መርከቦችን ሞዴል ከእንጨት እሠራለሁ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በሰው ጉልበት የሚንቀሳቀሱትን፣ መቅዘፊያ በተገጠመለት መንኮራኩር ውኃውን እየገፉ የሚሄዱትን የቻይና ባለ መንኮራኩር ጀልባዎች ይዣለሁ። ተመሳሳይ ሥራ ለጀመራችሁ እንዲጠቅም እስካሁን የተረዳሁትን እነሆ።

በግልጽ ከተመዘገቡት ቀደምት ጀልባዎች አንዱ፣ የታንግ ሥርወ መንግሥት ልዑል ሊ ጋኦ እ.ኤ.አ. በ780ዎቹ ያሠራው ባለ ሁለት መንኮራኩር የጦር ጀልባ ነው። ሥራውን እንድጀምር የገፋፋኝ ግን መንኮራኩሩ ሳይሆን የሚያዞረው ዘንግ ነው። ዘንጉ ጀልባውን ከጎን ወደ ጎን አቋርጦ ግራና ቀኝ ያሉትን መንኮራኩሮች ያገናኛል፤ በመሐሉ ዙሪያውን አጫጭር የእንጨት መርገጫዎች ተተክለውበታል፤ ሠራተኞቹም ክንዳቸውን በአግዳሚ እንጨት ላይ አስደግፈው፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው መርገጫዎቹን ተራ በተራ ይረግጣሉ። የቻይና ገበሬዎች ውኃ ወደ ሩዝ ማሳ ያወጡበት የነበረው መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ዘንግ ስለነበር፣ ለአካባቢው አናጺ አሠራሩ እንግዳ ይሆንበት ነበር ብዬ አላምንም። በተቃራኒው አቅጣጫ ሲረግጡት ደግሞ ጀልባው ሳይዞር ወደ ኋላ ይሄዳል።

በሞዴሉ ላይ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የዘንጉን ከፍታ መወሰን ነው። መንኮራኩሩን እስከ እምብርቱ ውኃ ውስጥ ሳስገባው መቅዘፊያዎቹ ሲገቡ ውኃውን ወደ ታች ይደቁሱታል፣ ሲወጡም ወደ ላይ ያፍሱታል፤ ጉልበቱ ጀልባውን ወደ ፊት ከመግፋት ይልቅ በዚያ ይባክናል። ዘንጉን ከፍ አድርጌ የታችኛው መቅዘፊያ ብቻ ሙሉ በሙሉ እንዲጠልቅ ሳደርግ ግን ጉዞው ወዲያው ተስተካከለ። የዘንጉን መደገፊያዎች ያሳረፍኩት የቻይና መርከቦችን ሆድ በሚከፍሉት ተሻጋሪ ግድግዳዎች ላይ ነው፤ ከጎን ጣውላው ይልቅ ጫናውን የሚችሉት እነሱ ናቸውና። የጣውላውን መጋጠሚያ ቻይናውያን የሚደፍኑት በኖራ፣ በቃጫና በተንግ ዘይት (ከተንግ ዛፍ ፍሬ በሚጨመቅ ዘይት) ሲሆን፣ እኔ በተንግ ፋንታ የተልባ ዘይት ተጠቀምኩ፤ ይይዛል፣ ለመድረቅ ግን ትዕግሥት ያስጨርሳል።

የዚህ አሠራር ጥንካሬም ድክመትም ጎልቶ የታየው በዶንግቲንግ ሐይቅ ነው። ጋኦ ሹዋን የተባለው መሐንዲስ መጀመሪያ ያኔ ደቡብ ቻይናን ይገዛ ለነበረው የሶንግ መንግሥት ይሠራ ነበር፤ በያንግ ያኦ የሚመሩት አማፅያን ከማረኩት በኋላ ግን ከ20 በላይ መንኮራኩር ያላቸው ትልልቅ መርከቦች ሠራላቸው። በ1135 የሶንግ ጄኔራል ዩዌ ፌይ የበሰበሰ ግንድና ሣር በውኃው ላይ አስለቀቀ፤ ያም መንኮራኩሮቹን ጠላልፎ አቆማቸው። መንግሥት በአሠራሩ ላይ ያለው እምነት በዚህ አልቀነሰም፤ በ1161 በትሳይሺ፣ በያንግትዜ ወንዝ ላይ ሰሜን ቻይናን ይገዛ የነበረውን የጂን መንግሥት ጦር ሲመክት እነዚህኑ ጀልባዎች አሰልፏል። በጓንግዡ አካባቢ ደግሞ ከኋላ አንድ መንኮራኩር ያላቸው የመንገደኛ ጀልባዎች እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ በእግር እየተረገጡ ይመላለሱ ነበር።

አሁን እየሠራሁ ያለሁት የመንኮራኩሩን የጣውላ ሽፋን ነው። ከመቅዘፊያው ጋር በጣም ከተቀራረበ ትንሽ ሣር እንኳ ይወተፍበታል፣ በጣም ከራቀም ጀልባው ያለ አግባብ ይሰፋል፤ ስለዚህ ክፍተቱን በየጊዜው እየለዋወጥኩ ሣር በተበተነበት ገንዳ ውስጥ እፈትነዋለሁ።