ድምፁን ዝቅ አድርጎ መስማት፦ የአምቢየንት ልምዴ

በዚህ ሳምንት በጣም ደስ ብሎኛል። የእንግሊዛዊውን ሙዚቀኛ የብራያን ኢኖን «ሪፍሌክሽን» ስልኬን ሳልነካ፣ ሳላቋርጥ፣ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አምቢየንት የሚባለው፣ እንደ ክፍሉ አየር ከጀርባ ሆኖ እንዲሰማ የሚሠራ ረጋ ያለ ሙዚቃ ነው። 54 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ወጥ ሥራ ነው። ዘፋኝ የለውም፣ ከበሮም የለውም። ደወል የሚመስሉ የሲንተሳይዘር ድምፆች አንድ በአንድ ይመጣሉ፣ ትንሽ ይቆያሉ፣ ቀስ ብለው ይከስማሉ። የወጣው በ2017 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

ስለ አጀማመሬ ብዙ አልልም። ዩቲዩብ ላይ ለእንቅልፍ ከሚለቀቁት ረጃጅም ቅንብሮች ተነሳሁ። እነሱን አልመክርም። አንዱ ከሌላው አይለይም፣ መሀል ላይም ማስታወቂያ ይገባል። ከዚያ የኢኖን የ1978 አልበም «ሚዩዚክ ፎር ኤርፖርትስ»ን አገኘሁ። ጆሮዬን ያሠለጠነው ሁለተኛው ክፍሉ ነው። እዚያ ላይ የሰው ድምፅ አንዲት ኖታ ብቻ ይይዛል። እያንዳንዱ ኖታ የተቀዳበት፣ ጫፍና ጫፉ ተገጥሞ የሚዞር ቴፕ ርዝመቱ ይለያያል። አንዱ በየ23 ሰከንድ ተኩል፣ ሌላው በየ26 ሰከንድ ገደማ፣ ሌላው በየ30 ሰከንድ ገደማ ይመለሳል። እኩል ስለማይዞሩ አገጣጠማቸው ሁልጊዜ አዲስ ነው። ሰዓት ይዤ አንዱን ኖታ ብቻ ተከታተልኩ። ከዚያ በኋላ ይሄ ሙዚቃ ባዶ መስሎኝ አያውቅም። «ሪፍሌክሽን»ም የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ልዩነቱ ቴፑን ኮምፒውተር መተካቱ ነው። ለአይፎን የወጣው አፕ ደግሞ ማለቂያ የለውም፣ እንደ ቀኑ ሰዓትም ይለዋወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ፈተናዬ ልምጣ። ቮልዩም ነው። ሌላው በጊዜ ይለመዳል፤ ይሄኛው ግን እስካሁን ያታግለኛል።

ድምፁን ከፍ ካደረግሁት ጆሮዬ «ቀጥሎ ምን ሊመጣ ነው?» ይላል። በዘፈን ያደገ ጆሮ ነውና አዝማች ይጠብቃል። አዝማች ስለማይመጣ ይሰለቻል። ዝቅ ሳደርገው መጠበቁ ይቀራል። ድምፁ ከክፍሉ ጋር ይዋሀዳል። ችግሩ ያን ጊዜ ከሥር ያለው ወፍራም ድምፅ (ቤዝ) ይጠፋል፣ ደወሎቹም የቆሙበትን መሬት ያጣሉ።

ለረጅም ጊዜ ስፒከሬን ነበር የጠረጠርኩት። ነገሩ ግን የጆሮ ተፈጥሮ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላብስ ተመራማሪዎች በ1933 አሳይተውታል። ድምፅ እየቀነሰ ሲሄድ ጆሯችን መካከለኛውን መስማት ከማቆሙ በፊት ወፍራሙን መስማት ያቆማል። የድሮ አምፕሊፋየሮች ላይ «ሎውድነስ» የሚል፣ ወፍራሙን ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ቁልፍ የምታዩት ለዚህ ነው። ቤታችሁ እንዲህ ዓይነት አምፕሊፋየር ካለ አትጣሉት።

እኔ ስለሌለኝ ስፒከሩን ከግድግዳው አስጠጋሁት፤ ከዚያ ወደ ጥግ ወሰድኩት። ወፍራም ድምፅ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚሄድ ግድግዳው ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። ለውጡ ወዲያው ነው የሚሰማው። እኔም ወንበሬን ቀረብ አደረግሁ። አሁን ልኬን የምወስደው ከግድግዳው ሰዓት ነው፤ ቀጭ ቀጩ ካልተሰማኝ ሙዚቃው በዝቷል ማለት ነው። በስልክ ስፒከር ግን አትድከሙ። ወፍራሙን ድምፅ ከነጭራሹ አያወጣውም።

የውጭ ድምፅ የሚዘጋ ሄድፎን ብዙ ሰው ይመክራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ይሄ ሙዚቃ ከመኪናው፣ ከውሻው፣ ከጎረቤት ወሬ ጋር አብሮ እንዲኖር ነው የተሠራው። ኢኖ ራሱ ወደዚህ የመጣው እንዲሁ ነው። መኪና ገጭቶት አልጋ ላይ ሳለ ጓደኛው የሃርፕ (የፈረንጅ በገና) ሙዚቃ ሸክላ አመጣችለት። እንደምንም ተነስቶ ከፈተና ተመልሶ ተኛ። ድምፁ እጅግ ዝቅ ብሎ ነበር፣ አንደኛው ስፒከርም አይሠራም። ተነስቶ ለማስተካከል አቅም አልነበረውም። ከውጭ ዝናብ እየዘነበ፣ ሙዚቃውን እንደ ዝናቡ እንደ ብርሃኑ የክፍሉ አካል አድርጎ ሰማው። ይህንን ታሪክ በ1975ቱ «ዲስክሪት ሚዩዚክ» አልበሙ ላይ ጽፎታል።

እዚህ አዲስ አበባ ይህን በክረምት ለመሞከር ዝናቡን መምረጥ አለባችሁ። ካፊያ ከሆነ እሰየው፤ ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። ቆርቆሮውን የሚደበድብ ዶፍ ሲወርድ ግን ዝጉት። ቮልዩም እየጨመሩ ከዶፍ ጋር መፎካከር ሙዚቃውን ይገድለዋል።

የቀረኝ ብዙ ነው። ማታ ላይ አሁንም እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ስለዚህ ጠዋት፣ ቤቱ ሳይነሳ፣ እሰማለሁ። የኢኖን የ1985 ሥራ «ተርስዴይ አፍተርኑን»ንም ገና አልጨረስኩትም። 61 ደቂቃ ሳይቋረጥ የሚሄድ ነው፤ ሸክላ መገልበጥ ስለሚጠይቅ ለሲዲ ነው የታሰበው።

ዜማ ካልያዘ ሙዚቃ አይጥመኝም ለምትሉ ሌላ መነሻ አለኝ። በዚያው በ1985 የወጣው የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነው። አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን፣ በራሳችን ቅኝት። በ2013 እንደገና ስለታተመ በጥሩ ጥራት ይገኛል። ምት ስላለው አምቢየንት ነው ብዬ አልከራከርም። ግን ዝቅ አድርጋችሁ ስሙት። ምቱ ወደኋላ ያፈገፍግና አኮርዲዮኑ ብቻውን ይቀራል። እኔ ይህን አልበም በሥራ መሀል ለዓመታት ሰምቼዋለሁ፤ ከሲንተሳይዘሩ ድምፆች ግማሹን ያገኘሁት ግን አሁን ነው።

ሰፊ ሳሎን ውስጥ፣ ከግድግዳ ርቃችሁ የምትሰሙ ካላችሁ ስፒከራችሁን የት እንዳደረጋችሁት ጻፉልኝ። ቤት ልቀይር ስለሆነ ጥጌን ላጣው ነው።