በሆዳችን ላይ ያለው የጸሎት መልስ

የእግዚአብሔር ስም የተመሰገነ ይሁን። በጅማ የምንኖር፣ አንጀታችን በቀዶ ሕክምና ወደ ሆዳችን ወጥቶ በከረጢት የምንጸዳዳ ሰዎች ነን። ይህን የምንመሰክረው ከሐኪም ቤት ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ለተኛ ወንድማችንና ለተኛች እኅታችን ነው።

ንጉሡ ሕዝቅያስም የጸለየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። እግዚአብሔር 15 ዓመት ጨመረለት፤ ኢሳይያስ ደግሞ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። አንጀቱ የተጠማዘዘበት፣ በታይፎይድ የተበሳበት ወይም በካንሰር የተዘጋበት ሰው «ጌታ ሆይ፣ አትርፈኝ» ሲል የሚደርስለት መልስ ስቶማ፣ ማለትም በሆድ ላይ የተከፈተ የአንጀት መውጫ፣ ሊሆን ይችላል። «ጸሎቴ አልተሰማም» አትበሉ። የተሰማው በዚህ መንገድ ነው።

ስቶማው እንደ ከንፈር ውስጥ ቀይና እርጥብ ነው። የሕመም ነርቭ ስለሌለው ቢነኩት አያምም፤ ሲያጥቡት ጥቂት ቢደማም አያስደነግጥ። ከጠቆረ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ግን ለነገ ሳይባል ሐኪም ቤት ነው።

ሰውን ከሰው የሚያርቀው መፍሰሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሰውም የከረጢቱ ቀዳዳ በስቶማው ልክ ስላልተቆረጠ ነው። በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት እብጠቱ እየጎደለ ስቶማው ያንሳል፤ ስለዚህ በየቅያሪው ይለካ። ቀዳዳው ከስቶማው በዙሪያው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ ይስፋ። ከዚያ ከሰፋ ሰገራው ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ የቆሰለ ቆዳ ይረጥባል፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ደግሞ ሙጫው አይይዝም። እንዲህ እያለ ይዞራል። ከጠበበም ስቶማውን ይቆርጠዋል።

ለመቀየር ጥሩው ሰዓት ከቁርስ በፊት፣ አንጀቱ ጸጥ ሲል ነው። ቆዳውን ለብ ባለ ውኃና በንጹሕ ጨርቅ ማጠብ በቂ ነው፤ ቅባት ያለው ሳሙናና ቫዝሊን ሙጫውን ያስለቅቁታል። በደንብ አድርቆ መለጠፍ፣ ከዚያም በመዳፍ ጫን አድርጎ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ማሞቅ ነው፤ በጅማ ክረምት ይህን መዝለል አይገባም። ሲሶው ሲሞላ ይደፋ፤ ክብደቱ ሙጫውን ይጎትታልና። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማንሳት ግን ለጊዜው ለሌላ ሰው ይተው፤ በስቶማው አጠገብ አንጀት ሊገፋ ይችላል።

ከትንሹ አንጀት የወጣላቸው ወገኖቻችን የበለጠ ይጠንቀቁ። የበቆሎ እሸትና ኦቾሎኒ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መውጫውን ሊዘጉ ይችላሉ። መውጣቱ ቆሞ ቁርጠትና ትውከት ከመጣ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ አይገባም። በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ከወጣ ደግሞ ሰውነት ጨው ያጣል፤ ንጹሕ ውኃ ብቻ ማብዛት ያባብሰዋል። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (የጨውና የስኳር ዱቄት) በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጦ ቀስ በቀስ መጠጣትና ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ቡናም ሊያስቀምጥ ይችላል፤ አቦሉን ጠጥቶ ቶናውን ማሳለፍ ነውር የለበትም። ጾምን በተመለከተ ለነፍስ አባት ሳይሸሽጉ መንገር ነው።

«እንዲህ ሆኜ በእግዚአብሔር ቤት እንዴት እቆማለሁ?» የሚለው ጥያቄ ከቁስሉ ይልቅ ያደማል። የሀገራችን ሰው ተብሎ የሚጠራው ጃንደረባ አካሉ በስለት የተለወጠ ነበር። በዘዳግም 23 እንደ እርሱ ያለ ሰው ወደ ጉባኤ አይገባም ነበር፤ በኢሳይያስ 56 ግን እግዚአብሔር ለጃንደረቦች በቤቱ ውስጥ የማይጠፋ ስም እንደሚሰጣቸው ቃል ገባ። የኢሳይያስን መጽሐፍ በሠረገላው ላይ እያነበበ ሳለ ፊልጶስ ደረሰለት፤ የሚያግደው ነገር አልተገኘምና ተጠመቀ። እኛም ራሳችንን ያገኘነው እዚያ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ ከረጢቱን በዋዜማው ቀይሩት፤ አዲስ ቅያሪ መያዙ ሳይፈተን አትውጡ። ስትነሡ ድፉት። በልኩ የተቆረጠ ትርፍ ከረጢት፣ ጨርቅና በትንሽ ጠርሙስ ውኃ ያዙ። ነጠላው ሰፋ ብሎ ሆድን ይሸፍን። በቅዳሴው ጸጥታ መካከል ስቶማው ድምፅ ሊያሰማ ሲል መዳፋችሁን ቀስ አድርጋችሁ ጫኑበት፤ ይታፈናል።