የሁዳዴ መረብ ኳስ በሐዋሳ

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚወስደውን መንገድ ሰው የሚያውቀው በሐይቆቹ ነው። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ከታጠፉ በኋላ ቆቃ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ እያሉ መቁጠር የተለመደ ነው። በዚያው መንገድ ላይ ግን ሌላም የሚቆጠር ነገር አለ። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጫንባት መቂ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የአንድ ሐዋርያዊ ቪካሪያት (በጳጳስ የሚመራ የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ክልል) መንበር ናት። ባቱ ውስጥ (ዝዋይ ማለቱን መተው ያልቻልን ብዙ ነን) የዶን ቦስኮ ማኅበር ትምህርት ቤት አለ። ሐዋሳ ራሷም የሌላ ቪካሪያት መንበር ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ በመቶ እንኳ አልሞሉም፤ ስለ ትምህርት ቤት ሲወራ ግን ስማቸው ከቁጥራቸው በላይ ይነሳል። ልጁን ለማስመዝገብ ሌሊት ተሰልፎ ያደረ ወላጅ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቃል።

ሐዋሳ የደረስኩት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ስለ ሐይቁ፣ ስለ አባ ኮዳዎቹና ስለ ታቦር ተራራ ብዙ ስለተጻፈ እዘለዋለሁ። የሄድኩት ለእህቴ ልጅ ስል ነው። በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች፤ የክፍሏ የመረብ ኳስ ቡድን አምበልም ናት። ቅዳሜ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ጋር የፍጻሜ ጨዋታ ነበራቸው። «ጋሼ፣ ካልመጣህ አኩርፌ እቀራለሁ» ብላ ደውላልኝ ነበር። ኩርፊያዋን ስለማውቀው መጣሁ።

ዓርብ ጠዋት አብሬያት ወደ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ መታወቂያዬን ተቀብለው ስሜን መዝገብ ላይ ካሰፈሩ በኋላ «ስልክዎን ያጥፉ፤ ሰልፍ ሊጀመር ነው» አሉኝ። ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ፣ ብሔራዊ መዝሙር ተዘመረ። ሚኒ ሚዲያዎቹ የዕለቱን ዜና አነበቡ፤ ማይክሮፎናቸው እንደማንኛውም የአገራችን ትምህርት ቤት ማይክሮፎን ያፏጫል። የሒሳብ ውድድር ውጤት፣ የጠፋ ሹራብ፣ የቅዳሜው ፍጻሜ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በሳንባ ምች ታመው ሮም ውስጥ ሆስፒታል መተኛታቸውን ተናግራ ሁሉም በየእምነቱ እንዲያስባቸው ጠየቀች። ግቢው ጸጥ አለ። ከፊቴ ከቆሙት አንዱ አማተበ፤ ሂጃብ የለበሰች ልጅ መዳፎቿን ዘረጋች፤ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። አንዱ ደግሞ ጓደኛውን በክርኑ ይጎሽም ነበር።

ሁሉም በየእምነቱ እንዲጸልይ መተው ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ከሕጉም ጋር የሚሄድ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ፊዚክሱም ታሪኩም በየትኛውም ትምህርት ቤት የሚሰጠው ነው፤ ትምህርተ ክርስቶስ የሚፈልግ ካቶሊክ ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹም ኦርቶዶክሶች፣ ፕሮቴስታንቶችና ሙስሊሞች ናቸው። ይህን ያወቅኩት ትምህርት ቤቱን ከሚመሩት አባ ጋር ጽሕፈት ቤታቸው ተቀምጬ ስጨዋወት ነው። በመጨረሻ ሳልደባብቅ ጠየቅኳቸው።

«ታዲያ አባ፣ ካቶሊክነቱ የቱ ላይ ነው?»

«ሳይከፍሉ የሚማሩትን ልጆች ዝርዝር ባሳይዎት ያገኙት ነበር» አሉኝ። «ግን አላሳይዎትም። አብረዋቸው የሚማሩት ልጆችም አያውቁትም።»

ከራስጌያቸው ግድግዳ ላይ የጺማሙ ዳንኤል ኮምቦኒ ሥዕል ተሰቅሏል። ኮምቦኒ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1831 በሰሜን ጣሊያን በጋርዳ ሐይቅ ዳርቻ ተወልዶ በ1881 ካርቱም ውስጥ የሞተ ጳጳስ ነው። ሐይቅ ዳር መወለዱን ሳነብ ሐዋሳ የሚስማማው ሰው መሆኑ ታየኝ። አፍሪካ መዳን ያለባት በራሷ ልጆች ነው የሚል ዕቅዱን በ1864 ጻፈ፤ በ2003 ደግሞ ቅዱስ ተብሎ ታወጀ። የመሠረተው ማኅበር ሚስዮናውያን ወደ ሲዳማ የመጡት በዚያው አቆጣጠር በ1960ዎቹ ነው። ከእነሱ መካከል የእኔን ቀልብ የያዙት አቡነ አርሚዶ ጋስፓሪኒ ናቸው። ቪካሪያቱን ለረጅም ዓመታት እየመሩ በ1983 የሲዳምኛና እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳተሙ። ጳጳስ ከስብሰባና ከጉብኝት ተርፎ መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት ጊዜ ከየት ያገኛል? የቄስ ስብከት ለመርሳት እኔን የሚያክል የለም፤ የአንድን ሕዝብ ቋንቋ ቃል በቃል ለቅሞ ያስቀመጠ ሰው ግን አይረሳኝም።

ከቢሮ ወጥቼ ወደ ሜዳው ስሄድ የስፖርት መምህሩን በዕቃ ማከማቻው ክፍል ደጃፍ አገኘኋቸው። በግድግዳው መደርደሪያ ላይ ሸራ ጫማዎች በቁጥራቸው ተሰልፈዋል። በዚህ ግቢ በውድድር ጊዜ ከቤት ባመጣው ጫማ የሚጫወት ተማሪ የለም፤ ሁሉም ከመደርደሪያው ተቀብሎ ሲጨርስ አራግፎ ይመልሳል። የአባን መልስ እያሰብኩ ጫማዎቹን ሳይ ቆየሁ። መምህሩ ግን ምክንያቱን ስጠይቃቸው ያወሩልኝ ስለ ሲሚንቶው ሜዳና ስለ ጫማ ሶል ብቻ ነው።

በእጃቸው የተጣጠፈ ደብተር ይዘዋል። በ2017 ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገብተው ሁለቱ ጾሞች ተደራርበዋል። የላቲን ሥርዓት የሚከተሉት ካቶሊኮችም ጾም ላይ ናቸው፤ በዚያ ዓመት ፋሲካ በምሥራቅም በምዕራብም ሚያዝያ 12 ቀን ነበርና። በደብተሩ ውስጥ የእያንዳንዱ ተጫዋች ስም አጠገብ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾም በእርሳስ ተጽፏል። ጨዋታዎቹ ሁሉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የተመደቡት ለዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ኳሱን ከመረቡ በላይ ሲያንገዋልለው ይውላል፤ ጾመኛውም በዚያ ሰዓት ጉልበቱ ያልቃል። መምህሩ ራሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው። ዳኛ ሆነው የሚያገለግሉትን መነኩሲት ሲያዩ ሁልጊዜ አንድ ቀልድ አላቸው።

«ሲስተር፣ ይህ ጨዋታ እኮ የእኛ ነው። በፈረንጆች ቅርጫት ኳስን በ1891፣ መረብ ኳስን በ1895 የፈጠሩት አሜሪካ ውስጥ ፕሮቴስታንቶች የመሠረቱት የወወክማ ሰዎች ናቸው። እናንተ በውሰት ነው የምትጫወቱት!»

«ፊሽካው ግን እኔ ጋ ነው» ይላሉ ሲስተር።

ወደ ከበደው ነገር የገባነው ከዚህ በኋላ ነው። የእህቴ ባል ልጁ በሚቀጥለው ዓመት ከቡድኑ እንድትወጣ ይፈልጋል። ብቻውን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በየዩኒቨርሲቲው መስጠት ሲጀመር ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። እነዚህ ቁጥሮች በየቤቱ ገብተዋል። ወላጅ ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያባርረው ኳስን ነው፤ ስልክን ማባረር ስለሚያቅተው ይመስለኛል። መምህሩ እንደነገሩኝ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ «ልጄ ከስፖርት ይሰረዝልኝ» የሚሉ ማመልከቻዎች ጠረጴዛቸው ላይ ይከመራሉ።

«አልከራከራቸውም» አሉኝ። «አንድ ነገር ብቻ እጠይቃቸዋለሁ፤ ልጁ ሜዳ ላይ የሚያጠፋውን አንድ ሰዓት ቤት ውስጥ ምን ሊያደርግበት ነው? የሚመልስልኝ ጥቂት ነው።»

የእሳቸው ዘዴ ሜዳውን ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር ማሰር ነው። ልምምድ የሠራ ተማሪ ፊቱን ታጥቦ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አብሮ ያጠናል፤ ቡድኑ ከሜዳ እንደወጣ ሳይበታተን ይገባል፤ ደካማውን የሚረዳው እዚያው ቡድን ውስጥ ያለው ጎበዝ ነው። በዚህ ውጤቱ ከፍ ይላል ብለው ግን ቃል አልገቡልኝም፤ እኔም ያመንኳቸው ለዚሁ ነው። በፈተናው የወደቀው አብዛኛው ልጅ ኳስ ሲያሳድድ የከረመ አይደለም። መምህር ሳይኖረው፣ መጽሐፍ ለሦስት ተካፍሎ፣ የላቦራቶሪ ዕቃ በሥዕል እያየ እዚህ የደረሰ ነው። የስፖርትን ሰዓት መቁረጥ ከዚህ አንዱን እንኳ አይጠግንም። ለእህቴ ባልም ማታ ይህንኑ ነገርኩት፤ «አንተ ልጅ የለህም» አለኝ። መልስ የለኝም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሙስሊሞቹ ልጆች ከጁምዓ ሲመለሱ ወንዶቹ እግር ኳስ ይለማመዱ ነበር። አባም ከሜዳው ዳር ቆመዋል። ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ የጦፈ ክርክር ነበርና አንዱ ዞር ብሎ፦

«አባ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የማን ደጋፊ ናቸው?» አላቸው።

«የሳን ሎሬንዞ።»

የሚያውቀው አልነበረም። አባ ሊያወሩ ጓጉተው ኖሮ ወዲያው ጀመሩ። ቦነስ አይረስ ውስጥ ሎሬንዞ ማሳ የሚባል የዶን ቦስኮ ማኅበር ካህን ነበረ። መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወት አንድ ልጅ በባቡር ትራም ሊገጭ ሲል አይቶ ደነገጠና የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ለልጆቹ ከፈተላቸው፤ በአንድ ግዴታ፦ እሑድ ቅዳሴ እንዲመጡ። ክለቡ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 የተመሠረተው ከእነዚያ ልጆች ነው። ፍራንቸስኮስም ከልጅነታቸው ጀምሮ ደጋፊው ናቸው፤ ነገር ግን በ1990 ለእመቤታችን ተስለው ቴሌቪዥን ማየት ስለተዉ፣ ውጤቱን የሚሰሙት ከጠባቂዎቻቸው አንዱ ጠረጴዛቸው ላይ በሚያስቀምጥላቸው ወረቀት ነው።

«ጨዋታውን ሳያዩ? ታዲያ ምኑን ደገፉት?» አለ ጠያቂው።

«እኔም አባቴ ቴሌቪዥኑን ከቆለፈብኝ ጀምሮ እንደ እሳቸው ሆኛለሁ» አለ ሌላው፤ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደግሞ ያንን የእሑድ ግዴታ እዚህም ሞክረውት እንደሆነ አባን ጠየቅኳቸው። «ብናስገባው አንድ ቡድን እንኳ አይሞላልንም» አሉ። ፍራንቸስኮስ በፋሲካ ማግስት ሚያዝያ 13 ቀን ማረፋቸውን ስሰማ መጀመሪያ የታወሰኝ ያ ጠያቂ ልጅ ነው።

ቅዳሜ ከማለዳው ጀምሮ የሜዳው ዙሪያ ሞልቷል። ሲስተር ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በሸራ ጫማ፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከፍ ካለ ወንበር ላይ ወጡ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ አምበል እጅጌዋ ረጅም የሆነ ማሊያ ከሂጃብ ጋር የለበሰች ረጅም ልጅ ናት፤ ስትዘል ከመረቡ በላይ እስከ ክርኗ ትወጣለች። የመጀመሪያውን ዙር 25 ለ19 ወሰዱት። በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ውኃ የጠጣ አልነበረም። የማይጾሙት ልጆች አንድ ሁለት እያሉ ከማከማቻው ጀርባ ይሰወሩና አፋቸውን እየጠረጉ ይመለሳሉ።

ሁለተኛውን ዙር የእኛዎቹ 25 ለ22 አሸነፉ። በሦስተኛው 13 ለ13 ላይ ሳሉ የእህቴ ልጅ የመታችው ኳስ ከኋለኛው መስመር ጥግ አረፈ። ግቢው ሁለት ሆኖ ጮኸ። ሲስተር ከወንበራቸው ወርደው ሄዱ፤ ሁለቱ አምበሎችም ተከተሏቸው። በኖራ የተሠመረውን መስመር ደግሞ ተመልካች እየተራመደ አጥፍቶታል። ሲስተር ጎንበስ ብለው መሬቱን መረመሩ፣ ቀና ብለው የልጆቹን ፊት አዩ፣ እንደገና ጎንበስ አሉ። «አላየሁም፤ ይደገም» አሉ። ዳኛ እንዲህ ሲል የሰማሁት በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው፤ ከስታዲየም ቢሆን ድንጋይ ይወረወር ነበር። ተደገመ፤ የእኛዎቹ መረብ ላይ መቱት። ቀጣዩንም ረጅሟ ልጅ አሳረፈችው፤ 15 ለ13። የእህቴ ልጅ ጫማዋን አራግፋ እስክትመልስ ድረስ አላለቀሰችም፤ ከዚያ በኋላ ግን በደንብ አለቀሰች።

በዚህ ትምህርት ቤት ከፍጻሜ በኋላ ተሸናፊው ቡድን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዶ የተጠበሰ ዓሣ ይጋበዛል፤ ከፋዩ የስፖርት መምህሩ ናቸው። ሁለቱም ቡድኖች አብረው ወረዱ። የዓሣው ሽታ ከሩቅ ይቀበላል። ችግሩ ከዚያ ጀመረ፤ ኦርቶዶክሶቹ በሁዳዴ ዓሣ አይበሉም፤ ሙስሊሞቹ እስከ ምሽት አፋቸውን አይከፍቱም፤ መብላት የሚችሉት ሲስተር፣ መምህሩ፣ እኔና ሁለት ልጆች ብቻ ነን። (እኔ ለምን እንደቻልኩ እህቴ ባትጠይቀኝ ደስ ይለኛል።) ጥቂት ሰዎች በልተው ሌላው ቆሞ የሚያይ ከሆነ ግብዣነቱ ቀረ ተባለና ዕዳው ከሚያዝያ 12 በኋላ እንዲከፈል ተወሰነ፤ ያኔ ኢዱም ፋሲካውም አልፈዋል። ልጆቹ መምህሩን አላመኗቸውም። ደብተሩን አስወጥተው፣ ቀኑን ከነዓሣው ብዛት አስጽፈው፣ ሲስተርን በምስክርነት አስፈረሙ።

«እኛ አሸናፊዎቹስ?» አለች ረጅሟ አምበል።

መምህሩ ደብተራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «እናንተ ፈተና አለባችሁ» አሏት።